ቁልቢ ለምትሄዱ፦ ስለ ግፊያ ልንነግራችሁ የምንፈልገው

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ታኅሣሥ ገብቷል። የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ ስለቱን አዘጋጅቶ ቀን እየቆጠረ ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 19 ነው፤ በአሥረኛው ቀን ገና ይመጣል፤ ከገና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ጥምቀት። ላሊበላ የሚወርደው፣ ጎንደር የሚሄደው፣ ጃን ሜዳ የሚያድረው ሕዝብ ሁሉ በዚህ አንድ ወር ውስጥ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ የምናወራው እንዲህ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ራሳችንንና ቤተሰባችንን ይዘን በሰላም ስለምንመለስበት መንገድ ነው። ምሳሌያችን በአብዛኛው ቁልቢ ይሆናል። የምንለው ግን ለሌላውም በዓል፣ ሐጅ ለሚሄዱ ወገኖቻችንም ይሠራል።

ቁልቢን የማያውቅ አድማጭ ካለ በአጭሩ እንንገረው። ቁልቢ በምሥራቅ ሐረርጌ ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከድሬዳዋ ያላት ርቀት ከ70 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቤተ ክርስቲያኑን ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ እንዳሠሩት ይነገራል። ስለዚህም ቁልቢ የስለት ደብር ነው። ልጅ ያገኘ፣ ከሕመም የዳነ፣ ከስደት በሰላም የተመለሰ ሁሉ ጥላውን፣ ጧፉን፣ ምንጣፉን፣ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ይህች ትንሽ ከተማ ከአቅሟ እጅግ የሚበልጥ ሰው ትቀበላለች። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው ያው ነው፣ ሰዓቱ ያው ነው፣ ሰዉ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል።

በቅድሚያ ብዙዎቻችን በትክክል የማናውቀውን አንድ ነገር እንነጋገር። ሰው በግፊያ ውስጥ የሚሞተው እንዴት ነው? ወድቆ በእግር ተረግጦ ነው እንላለን። እንዲያም ይሆናል። አብዛኛው ግን የሚሞተው ቆሞ ሳለ ነው፤ ትንፋሽ አጥሮት። ስንተነፍስ ደረታችን መስፋት አለበት፤ ጎድናችን ካልተከፈተ አየር አይገባም። ከፊትም ከኋላም የብዙ ሰው ክብደት ሲጫነን ደረታችን መስፋት ያቅተዋል። እዚህ ላይ ጉልበት ብዙም አያድንም። ወጣትም ሆነ ስፖርተኛ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከኋላው ሲገፋ ብቻውን ሊመክት አይችልም።

ይህን ነገር ለዓመታት ያጠና ጆን ፍሩይን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ፣ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሰባት ያህል ሰው ሲቆም ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር አስረድቷል። እዚያ ከተደረሰ በኋላ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ መራመድም መቆምም አይችልም። ከሩቅ የተነሣ ግፊት በሰዉ መሐል እያለፈ ሜትሮች ድረስ ይወስደዋል፤ እግሩ መሬት የሚለቅበት ጊዜም አለ። አደጋው ግን ሰባት ላይ አይጀምርም። አራት አምስት ሰው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲሆን መጠንቀቅ፣ ከዚያ ሲያልፍ መውጣት ያስፈልጋል።

በበዓል መሐል ቆሞ ካሬ ሜትር የሚለካ የለም። ስለዚህ ቀላል መለኪያ እንስጣችሁ። እጃችሁን አንሥታችሁ ማማተብ ትችላላችሁ? ከግንባር እስከ ደረት፣ ከግራ ትከሻ እስከ ቀኝ፣ ማንንም ሳትነኩ? ከቻላችሁ ገና ቦታ አለ። ለማማተብ ክንዳችሁን ከሰው መሐል መጎተት ካስፈለጋችሁ ቦታው ጠቧል፤ ወደ ዳር መውጫው ሰዓት ያኔ ነው። ክንዳችሁ ከጎናችሁ ተጣብቆ አልነሣም ካለ ዘግይታችኋል፤ ያን ጊዜ የሚደረገውን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን። ሙስሊም አድማጮቻችንም ለዱዓ እጅ በማንሣት ይህንኑ መለካት ትችላላችሁ።

ሌላው ምልክት ከሰዉ አካሄድ ይታያል። በጥር 1998 ዓ.ም. በመካ አጠገብ፣ በጀመራት ድልድይ በደረሰው ግፊያ 346 ሑጃጆች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በቦታው የነበረውን የቪዲዮ ምስል መርምረው አንድ ነገር አገኙ። አደጋው ከመድረሱ ብዙ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ፣ ያለማቋረጥ ይጓዝ የነበረው ሕዝብ እየቆመ፣ እየሄደ፣ እንደገና እየቆመ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ወደ አራቱም አቅጣጫ መወዛወዝ መጣ። ስለዚህ አድማጮች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስትሄዱ ሰልፉ ያለ ምክንያት ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ማለት ከጀመረ ከፊት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። የመወዛወዙን ምዕራፍ አትጠብቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አደጋ ሲደርስ «ሕዝቡ ስላልተረጋጋ ነው»፣ «ወጣቱ ሥርዓት ስለሌለው ነው» የሚል ነገር ቶሎ ይነገራል። እኛ በዚህ አንስማማም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. እዚያው መካ አጠገብ፣ በሚና የደረሰውን አስታውሱ። ከሁለት መንገዶች የመጡ ሁለት የሑጃጆች ጎርፎች አንድ መገናኛ ላይ ተጋጠሙ። ከፊት ያለው መሄጃ አጣ፤ ከኋላ ያለው ግን ከፊት ምን እንደሆነ አያይም፣ አይሰማም፣ ስለዚህ መጓዙን ቀጠለ። የሳዑዲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 769 ብሎ ተናግሯል፤ የዜና ወኪሎች ከየአገሩ መግለጫ የሰበሰቡት ቁጥር ግን ከ2,400 በላይ ነው። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሥርዓት የጎደላቸው አልነበሩም፤ ሐጅ ላይ የነበሩ አረጋውያን፣ እናቶች፣ አባቶች ናቸው። የገደላቸው የቦታ መጥበብና የመንገድ መገናኘት ነው። ስለዚህ በበዓል ቦታ ትልቁ ኃላፊነት ያለባቸው መግቢያውንና መውጫውን የሚለዩት፣ በሩ ሞልቷል ብለው ሰዉን ገና ከሩቅ የሚያስቆሙት አዘጋጆችና ጸጥታ አስከባሪዎች ናቸው። በሩ ላይ ደርሶ የሞላ ሕዝብ ፊት በር መዝጋት ከሁሉ የከፋ ነው።

ከእኛ ደግሞ የሚጠበቅ አለ። ከኋላ የቆመ ሰው ምንም ነገር እንዳላደረገ ይሰማዋል፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የተጠጋው። ነገር ግን አንድ ሺህ ሰው አንድ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ከፊት ያለችው እናት ደረት ላይ የሚያርፈው ያ ሁሉ ነው። ታቦቱ ሲወጣ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሁላችንም ወደፊት መጠጋት እንፈልጋለን። ያን ጊዜ ባላችሁበት ቁሙ። ከፊት «ወደኋላ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዞራችሁ ለኋለኛው አስተላልፉ፤ ኋለኛውም ለቀጣዩ። ነጭ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ የሚያስከብሩትን የሰንበት ተማሪዎችና ምንጣፍ አንጣፊ ወጣቶች እሺ በሉ። ልጆቻችን ናቸው፤ ለእኛ ብለው ነው የቆሙት።

አሁን ደግሞ ክንዳችን ከተያዘ በኋላ ስለሚደረገው። ሁለቱን እጆቻችሁን ወደ ደረታችሁ አምጡ፤ ክንዳችሁን አጥፋችሁ ከጎድናችሁ ፊት አድርጉት። ይህ በደረታችሁና በፊታችሁ ባለው ሰው ጀርባ መካከል ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ለመተንፈስ የሚያስፈልገውም ያው ትንሽ ቦታ ነው። አንድ እግር ቀደም፣ አንዱን ኋላ አድርጋችሁ ሚዛናችሁን ጠብቁ። አትጩኹ፤ ትንፋሻችሁን ለመተንፈስ አቆዩት። ግፊቱ ሲመጣ በቀጥታ አትታገሉት፤ አብራችሁት ሂዱ፣ ላላ ሲል ደግሞ በሰያፍ ወደ ዳር አንድ ሁለት እርምጃ ውሰዱ፤ እንደገና ሲመጣ ቁሙ፣ ሲላላ ውጡ። ከግድግዳ፣ ከአጥር፣ ከብረት በር ራቁ፤ ወደ ዳር መውጣት ማለት ወደ ክፍት ቦታ እንጂ ወደ ግንብ አይደለም። ነጠላችሁ ቢወድቅ፣ ጫማችሁ ቢወልቅ፣ ስልካችሁ እንኳን ከእጃችሁ ቢያመልጥ አታጎንብሱ። ከወደቃችሁም በጀርባችሁም በሆዳችሁም አትተኙ፤ በጎናችሁ ተጠቅልላችሁ ጭንቅላታችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ፣ እንደተመቻችሁ ተነሡ። አጠገባችሁ የወደቀ ካለ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንሡት።

ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ እንዲህ ያለው መሐል ፈጽሞ አትግቡ። በአንቀልባ ከጀርባ ያለ ሕፃን ምን እንደሆነ እናቱ አታይም። በእግሩ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ፊቱ ከአዋቂ ወገብ ጋር እኩል ነው፤ እኛ መጨናነቁ ሳይሰማን እሱ አየር አጥሮት ይሆናል። ድንገት መሐል ከገባችሁ ልጁን ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻችሁ አንሡት።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራነው ከበሩ አጠገብ ስለሚሆነው ነው። መድኃኒቱ ግን ከዚያ በፊት፣ ጉዞው ሲታሰብ ይጀምራል።

ቁልቢ ሲነገር ሁሉም ሰው በታኅሣሥ 18 ማታ መድረስን ያስባል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ አድርጎ፣ የጨርጨርን ተራራ ወጥቶ፣ በአሰበ ተፈሪና በሂርና በኩል ይገባል። ከድሬዳዋ የሚመጣው በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። ሁለቱም መንገዶች በዋዜማው ይታፈናሉ። ከቻላችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ግቡ፤ አውሮፕላንም ባቡርም እስከ ድሬዳዋ ያደርሳል። ማረፊያ ግን ቀድሞ ስለሚያዝ ሳትይዙ አትነሡ። ካልቻላችሁም ምሽቱን ሳይሆን ቀኑን ተጓዙ። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሹፌር ዳገቱ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በዚያው መንገድ ደግሞ ስለቱን በእግር የሚፈጽም፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ ምእመን አለ። ሹፌሩ ከልክ በላይ ሰው ሲጭን፣ ወይም ዓይኑ ሲከደን ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ «አውርደን፣ አርፈህ እንሂድ» ማለት መብታችሁ ነው። በእግር የምትሄዱ ከፊት የሚመጣው መኪና በሚታይበት በግራ ጠርዝ ሂዱ፤ ነጭ ነጠላችሁን ከላይ ልበሱት፣ በሌሊት ያሳያችኋል።

መመለሻውም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱ እንዳለቀ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መኪና ይሮጣል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ብትቆዩ፣ ከተቻለም ብታድሩ፣ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ስለቱን በተመለከተ አንድ ነገር በድፍረት እንበል። ስለት የሚደርሰው በተገፋነው ልክ አይደለም። አባቶቻችን ከደጁ ተሳልመው፣ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀድሰው የሚመለሱበት ልማድ ያላቸው ናቸው። በ19 ጠዋት፣ ታቦቱ ሊወጣ ሲል፣ ስለቴን ካላስገባሁ ብሎ መታገል አያስፈልግም። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ በዋዜማው ቀን፣ ካልሆነም ሰዉ ሲበተን አስገቡ። ጥላ የምታስገቡ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ዓይን ያወጣል። ጧፍ በሰው መሐል አትለኩሱ፤ ነጠላ በአንድ ብልጭታ ይያያዛል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው ጾሙ ነው። ታኅሣሥ 19 በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። መንገደኛው በአዋሽ ቆላ ሙቀት ውሎ፣ ማታውን በቁልቢ ብርድ ቆሞ አድሮ፣ ምግብም ውኃም ሳይቀምስ እስከ ቀትር ይቆያል። በዚህ ላይ መጨናነቅ ሲጨመር ሰው ራሱን ይስታል፤ በተጨናነቀ ሕዝብ መሐል ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ስኳር ሕመም፣ ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን፣ ከመነሣታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁንም ሐኪማችሁንም አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም። መድኃኒታችሁን በሻንጣ ሳይሆን በደረት ኪሳችሁ ያዙ። ጋቢ፣ ውኃ፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ የሚቀመስ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ይኑራችሁ።

ውኃን ካነሣን፣ ብዙ ሰው በሚያድርበት ቦታ መጸዳጃ ያንሳል፣ ምንጭ ይበከላል። በ2015 ክረምት በቋራ፣ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። የምትጠጡትን ውኃ አፍሉ፣ ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበት፣ ወይም የታሸገ ያዙ። ሳሙና አትርሱ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ቢያፍርም ቶሎ ለጤና ባለሙያ ይንገር።

ስልክ በዚያ ቀን አይሠራም ብላችሁ ተነሡ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውል ኔትዎርኩ ይጨናነቃል፤ አጭር መልእክት አንዳንዴ ሾልኮ ይደርሳል። ስለዚህ ገና ከመኪና ሳትወርዱ «ብንጠፋፋ የምንገናኘው እዚህ ነው» ተባባሉ። «በሩ ጋ» አይበቃም፤ በሩ ሰው የሚበዛበት ነው። የቆመች መኪናም አትሁን፤ ትነሣለች። ከግርግሩ ራቅ ያለ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ወይም ስሙ የተጻፈበት ሱቅ ይሁን። ሰዓትም ቁረጡ። ለልጆች ኪስ ውስጥ የወላጅ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት አስቀምጡ፤ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሡአቸው። ልጅ ሲጠፋ «ምን ለብሷል?» ሲባል የደነገጠ ወላጅ ይጠፋበታል። የጠፋ ልጅ ያገኛችሁ ደግሞ ይዛችሁት አትዙሩ፤ በድምፅ ማጉያ ወደሚያስነግሩት የደብሩ አገልጋዮች ወይም ወደ ፖሊስ ውሰዱት።

ኪስ አውላቂ በየበዓሉ አለ፤ ገንዘባችሁን በአንድ ቦታ አትያዙ፣ ወርቅ አድርጋችሁ አትሂዱ። ከውጭ የመጣችሁ ፓስፖርታችሁን በማረፊያችሁ ተዉት።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ለማየት ብሎ ከፍ ወዳለ ነገር መውጣት። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በፋሲለደስ መዋኛ፣ ለጥምቀት ታዳሚ ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ለበዓል ሰሞን ብቻ በተተከለ እንጨት ላይ፣ በአጥር፣ በጣሪያ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አትውጡ፤ ሥሩም አትቁሙ። የእንጨት መቀመጫ ሲንቋቋ ከሰማችሁ ዝግጅቱ ቢያምርም ውረዱ።

ግሸን ማርያምን የሚያውቅ አድማጭ «ለእኛስ?» ይላል። መስቀለኛው አምባ መግቢያው አንድ ነው፤ ወጪና ገቢው እዚያው ይገናኛል። ስለዚህ ለግሸን የምንለው አጭር ነው፤ የበዓሉን ቀን፣ መስከረም 21ን፣ ጠብቃችሁ አትውጡ፣ ቀድማችሁ ወጥታችሁ ዘግይታችሁ ውረዱ።

(የመለያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ቁልቢ የሚሄድ የቤተሰባችሁን አባል አስቀምጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ መቼ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያድር፣ ቢጠፋፉ የት እንደሚገናኙ። ካልመለሰ አብራችሁ መልሱን አግኙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ አሁኑኑ በስልካችሁ መዝግቡ፣ ስልክ ለሌላቸው እናቶችና አባቶችም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።